አሮጌው ጂፒኤስና ባሌ ተራሮች ላይ የተቆረጠብኝ የጉዞ መስመር

አሮጌ ጂፒኤስ፣ ያለንበትን ቦታ በሳተላይት የሚነግረን የእጅ መሣሪያ፣ መሳቢያ ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም ሰሞኑን ከዘመድ የወረሳችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ተራራ እንዳትወጡ። እኔ ወጥቻለሁ። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሳምንት ተጨንቄ የሠራሁት የጉዞ መስመር ባሌ ተራሮች ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ስክሪኑ መሃል ተቆርጦ ቀረ። አጠገቤ ራሷን የሚያማት የጓደኛዬ እህት ነበረች። ይህን ነገር በደንብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ብትማሩት ይሻላል።

መሣሪያው የአጎቴ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት መስክ ላይ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ሲያጠኑ ያልረገጡት ወረዳ የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ ሲወጡ ከነቦርሳው ሰጡኝ። ጋርሚን 60ሲኤስኤክስ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ሞዴል ነው። አንቴናው እንደ አውራ ጣት ከላይ ብቅ ያለ፣ ስክሪኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ነው።

«ስልክ እያለህ ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ያላለኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጥሩ ጥሩ የካርታ አፖች አሉ፣ እኔም ስልኬ ላይ ጭኛቸዋለሁ። ግን ባሌ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ የስልክ ባትሪ በብርድ እንዴት እልም እንደሚል ያየ ያውቀዋል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ዝናብ እየመታችሁ ስክሪን መነካካትም አይሆንላችሁም። ይሄኛው ቁልፍ አለው። ባትሪው ሲያልቅ ዶዶላ ወይም አዳባ ካለ ሱቅ ሁለት ድንጋይ ገዝቶ መቀጠል ነው። ስለዚህ ለአምስት ቀን የእግር ጉዞ እሱን ልይዝ ወሰንኩ። ስድስት ነበርን፤ አራት ጓደኛሞች፣ የአንዱ እህት፣ እና እኔ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሚያስቅ ነው። ጎግል ማፕስ ላይ ያያችሁትን መንገድ ለጂፒኤስ በሚሆን ፋይል በቀጥታ የምታወርዱበት ቁልፍ የለም። ስለዚህ ማይ ማፕስ የሚባለውን፣ የራስን ካርታ መሥሪያ የጎግል ገጽ፣ ከፈትኩ። እዚያ ላይ መስመር ይሰመራል፣ ቦታ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያ ኬኤምኤል ወይም ኬኤምዜድ በሚባል ፋይል ይወጣል። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። የሳተላይት ምስሉን አጉልቼ የፈረስ መንገዷን በዓይኔ እየተከተልኩ፣ ከዲንሾ ከተማ ተነስቼ በማደሪያዎቹ በሶዶታ፣ በኬይረንሳ፣ በራፉ አድርጌ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ድረስ፣ ከዚያም መመለሻውን ጭምር ነጥብ በነጥብ ሰመርኩት። ደስ አለኝ። ከዚያ ፋይሉን ሳወጣ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ዳታው ሁልጊዜ የታደሰ እንዲሆን ነው የምትለው። የታደሰ ነገር ማን ይጠላል?

እሷን ሳጥን አትንኳት። እሷን ከመረጣችሁ ፋይሉ ውስጥ መስመራችሁ የለም፤ ያለው ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ካርታ የሚያመለክት አድራሻ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ኢንተርኔት ስላለ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአሮጌ ጂፒኤስ ግን ባዶ ፖስታ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስቀይር ከረምኩ፣ ጥፋቱ የገመዱ መስሎኝ። መለያው ቀላል ነው፤ የፋይሉን መጠን እዩ። የአምስት ቀን መንገድ አንድ ኪሎባይት ገደማ ከሆነ ውስጡ ምንም የለም ማለት ነው። በተረፈ ኬኤምዜድ ማለት የታሸገ ኬኤምኤል ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ሲላችሁ ኬኤምኤሉን ያዙ፣ ልፋት ይቀንስላችኋል።

ስለ ገመድ ካነሳሁ አይቀር። ይህ መሣሪያ የሚወስደው የድሮውን ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ የአሁኑ ስልክ ገመድ አይገባበትም። እኔ ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ ካሜራ ካርቶን ውስጥ ነው። ሱቅ ከገዛችሁ ዳታ እንደሚያስተላልፍ እዚያው አስሞክሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አለ፣ ሲያዩት አንዱ ካንዱ አይለይም፣ እሱን ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተሩን ስትሰድቡ ታድራላችሁ።

ትክክለኛውን ፋይል ካገኘሁ በኋላ ሁለተኛው ወጥመድ ጠበቀኝ። ፋይሉን ጂፒኤክስ ወደሚባለው፣ ጂፒኤሶች ወደሚያውቁት ዓይነት ቀየርኩ። ከዚያ መሣሪያውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ሚሞሪ ካርዱን እንደ ፍላሽ የሚከፍተውን ምርጫ ነካሁ። ካርዱ ተከፈተ። ፋይሉን ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩት። ነቀልኩ፣ አበራሁ፣ ምንም የለም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ስሙን ቀየርኩ፣ ፎልደር ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች።

ኋላ ሲገባኝ፣ የዚህ ዘመን መሣሪያ ካርዱ ላይ የተቀመጠ ጂፒኤክስ ፋይል አያነብም። የራሱን መዝገብ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ካርታም ከካርዱ ያነባል፣ የእናንተን መስመር ግን በዚያ በር አይቀበልም። መስመሩ በፕሮግራም ነው የሚገባለት፤ የጋርሚኑ ቤዝካምፕ አለ፣ ወይም በነፃ የሚገኘው ጂፒኤስቤብል። እኔ ጂፒኤስቤብልን ወደድኩት፤ መልኩ አያምርም ግን ኬኤምኤሉን ተቀብሎ ቀይሮ፣ በዚያው ወደ መሣሪያው ይልካል። ዊንዶውስ ላይ የጋርሚንን የዩኤስቢ ድራይቨር ቀድማችሁ መጫን አለባችሁ፣ አለዚያ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አያየውም። በኋላ የወጡት፣ እንደ ኢትሬክስ 20 እና ጂፒኤስማፕ 62 ያሉት፣ ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ጂፒኤክስ የሚል ፎልደር አላቸው፤ ለእነሱ ኮፒ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት ምክር አብዛኛው ለእነዚህኞቹ የተጻፈ ነው፤ የእናንተ የቱ እንደሆነ ሳታውቁ እሱን ይዛችሁ ብትታገሉ ትርፉ ድካም ነው።

ካርታውንም በዚያው ሰሞን ጫንኩ። መሣሪያው ይዞት የመጣው ካርታ ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ጥቂት መስመርና ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ሰዎች በጋራ ከሚሠሩት ነፃ የዓለም ካርታ፣ የተሠራ፣ ለጋርሚን የተዘጋጀ ነፃ ካርታ ይገኛል። ካርዱ ላይ ጋርሚን የሚል ፎልደር ተከፍቶ፣ ፋይሉ ጂማፕሰፕ (gmapsupp.img) በሚለው ስም ይቀመጣል። ስሙ አንድ ፊደል ቢዛነፍ መሣሪያው አያየውም። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ 2 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ካርድ ፈልጉ፤ ትልልቆቹ ጣጣ ያመጣሉ።

አሁን ስለ ቁጥሮች ላውራ፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ማደሪያ ቦታዎቹን ለየብቻ ላስገባ ብዬ ከኬኤምኤሉ ላይ ቁጥሮቹን በእጄ ገለበጥኩ። ላክኩ። ዲንሾ ምን ያህል ይርቃል ብዬ ብጠይቀው 4,600 ኪሎ ሜትር ገደማ አለኝ። ካርታውን ባየው ዲንሾን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከሰርዲኒያ በስተ ምዕራብ አስቀምጧታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲናገር ኬክሮስን፣ የሰሜን ደቡቡን ቁጥር፣ አስቀድሞ ነው፣ 7 ከዚያ 39። ኬኤምኤል ውስጥ ግን ኬንትሮሱ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ፣ ይቀድማል፣ 39 ከዚያ 7። እኔ እንዳየሁት ገልብጬ ባሕር ውስጥ ከተትኳት። ይሄ እንኳ ደግ ስህተት ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ይታያል።

የማይታየው ነው የሚያስፈራው። አንዷን ማደሪያ በቀጥታ መሣሪያው ላይ ልጽፍ አልኩ። ኢንተርኔት ላይ 7.05 ይላል። መሣሪያው ግን ዲግሪና ደቂቃ ነበር የሚጠይቀው። 7 ዲግሪ ከ05 ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ዲግሪ ግን 60 ደቂቃ ስለሆነ 7.05 ማለት 7 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ መሬት ላይ 3.7 ኪሎ ሜትር ናት። በጨለማ ድንኳን ስትፈልጉ 3.7 ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ይህችን ያዳነኝ ዕድል ነው፣ ቦታው ገደል አፋፍ ላይ ሲወድቅ አይቼ ተጠራጠርኩ።

ሌላም ነበረ። በእጄ የጻፍኳቸው ነጥቦች በሙሉ በፕሮግራም ከላክኳቸው ትንሽ ዘወር ብለው ይቀመጣሉ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። ግራ ሲገባኝ ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሳይበላሽ አይቀርም መሰለኝ።»

«ምን ይበላሻል! አዲንዳን ላይ ነው እንዴ ያለው? ሴቲንጉን እይ።»

እውነትም አዲንዳን ላይ ነበር። ጋሼ የሚሠሩት በካርታ ሥራዎች ድርጅት በወጡት ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች ነው፤ እነዚያ የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ልኬት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ካርታ ደግሞ ዳብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ነው። በሁለቱ መካከል እኛ አገር ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በፕሮግራም የሚላክ ነገር ይህ ሴቲንግ አይነካውም፣ በእጅ የምትጽፉትን ግን ያንሸራትተዋል። መስክ ላይ የነበረ ጂፒኤስ የወረሳችሁ ሰዎች፣ ከምንም በፊት ይህን አስተካክሉ። የወረቀት ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መልሳችሁ ወደ አዲንዳን።

የነጥብ ስም በአማርኛ ልጻፍ ብላችሁም አትድከሙ። መሣሪያው ፊደላችንን አያውቅም፣ ዝባዝንኬ ነው የሚያሳያችሁ። በላቲን ብትጽፉም ረጅሙን ስም ይቆርጠዋል። እኔ ቁጥር ብቻ አደረግኩ፣ 01፣ 02 እያልኩ፣ ትርጉሙን ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። ደብተሯ ውኃ እንዳይገባት በፌስታል ተጠቅልላ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ናት።

በመጨረሻ ጉዞ ተነሳን። ለመኪናው መንገድ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ አድርጎ ዲንሾ የሚያደርሰውን መስመር ነበር የላክኩት፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሻሸመኔ አንዱን ጓደኛችንን እናነሳለን። ሞጆ ስንደርስ መሣሪያው ወደ አዳማ ቀጥሉ አለ። «ይሄ ነገርህ ወዴት ነው የሚወስደን?» ተባልኩ። ነገሩ ሲገባኝ፣ የላክኩት ራውት ነበር። ራውት ማለት የማለፊያ ነጥቦች ዝርዝር ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን መንገድ መሣሪያው በራሱ ካርታ፣ በራሱ ሐሳብ እንደገና ያሰላዋል። እኔ ደግሞ መነሻና መድረሻ ብቻ ነው ያስገባሁለት። እሱም በአሰላ፣ በበቆጂ አድርጎ ዶዶላ ሊያወጣን ፈለገ። ሲታሰብ አልተሳሳተም፣ ያም መንገድ ነው። የእኔ ሰው ግን ሻሸመኔ ነው የቆመው።

ትራክ ሌላ ነገር ነው። ትራክ ዱካ ነው። መሣሪያው አያሰላውም፣ አይነካውም፣ እንደተሰመረ ካርታው ላይ ያሳየዋል፤ እናንተ በዓይናችሁ መከተል ነው። ሲያጥፍ አይናገርም፣ አይጮኽም። ለተራራ ግን ከእሱ የተሻለ የለም፣ ምክንያቱም ራውቱ ተራራ ላይ የሚያሰላበት መንገድ ካርታው ውስጥ የለውም፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርና ገደል ይጨምራችኋል። መኪና ላይ ራውት ከፈለጋችሁ መንገዱ በሚከፈልበት ሁሉ አንድ አንድ የማለፊያ ነጥብ ጨምሩ። እኔ ዝዋይ ላይ አንዲት ነጥብ ባስቀምጥ ኖሮ ሞጆ ላይ አያስቅብኝም ነበር።

ደግነቱ የእግሩን መንገድ በትራክ ነበር የላክሁት። ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ያለ ኩራት መሰላችሁ! መስመሯ ላይ ነው የምንሄደው፣ ከፈረስ መንገዱ ብትርቅ ሃያ ሠላሳ ሜትር ነው። የዲንሾው አስጎብኚያችን ሳይቀር እየመጣ ያያል። ፈረሶቹን የሚነዱት ሽማግሌ አንዴ አይተው «እና ይሄ መንገዱን ማን ነገረው?» አሉኝ። «እኔ» አልኳቸው። ዝም አሉ።

አራተኛው ቀን ከራፉ ተነስተን ወደ ጋርባ ጉራቻ እየሄድን ነው። የጓደኛዬ እህት ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ያማታል፤ ከፍታው ነው። እርምጃዋ ዘገየ። ጭነት የያዙ ፈረሶች እየቆሙ አይጠብቁም፣ ሌሎቹም ብርድ ላይ ቆመው ሰለቻቸው። አስጎብኚው «እኔ ከእናንተ ጋር ልቅር» አለ። እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይ፣ አንተ ከእነሱ ጋር ሂድ፣ እኛ ጂፒኤስ አለን።» ይህችን ንግግር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ መጣ። እዚያ ጉም ቀስ ብሎ አይመጣም፣ ብርድ ልብስ እንደመጣል ነው። አሥር ሜትር ማየት አልተቻለም። ጅብራዎቹ ጉሙ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላሉ፣ እሷ ሁለት ጊዜ «ያውልህ እነሱ!» ብላ ተጣራች። «ችግር የለም» አልኩና መሣሪያውን አወጣሁ። መስመሯ አለች። እሷን እያየሁ ሄድኩ። ከዚያ አለቀች። መታጠፊያ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብላ አለቀች። አሳነስኩት፣ አጎላሁት፣ አጥፍቼ አበራሁት። ከፊታችን ስክሪኑ ንጹሕ ነጭ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። «አቅጣጫው ይኸው ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄድን። መሬቱ ቁልቁል መሄድ ጀመረ፣ ድንጋዩ በዛ፣ የፈረስ ፋንድያ ጠፋ። ፋንድያው ሲጠፋ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ ሳናየው የሄድነው መቶ ሜትር የለም። ቆምኩ። እንደ ጅብራ ተገትረን ቀረን።

«ጠፋን እንዴ?» አለች።

«ቆይ እስቲ።»

ያዳነን ያላሰብኩት ነገር ነው። ከፊታችን መስመር የለም፤ ከኋላችን ግን አለ። መሣሪያው ከጠዋት ጀምሮ የእግራችንን ዱካ እየመዘገበ ነበር፣ ጋሼ እንደዚያ አድርገው ትተውት ነው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም። በሠራነው ዱካ ወደ ኋላ ተመለስን፣ እሷ ክንዴን ይዛ፣ እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል። 14 ቁጥር ብዬ ምልክት ያደረግኩባት ትልቅ ድንጋይ ጋ ደረስን። ድንጋዩን በእጄ ስነካው ነው ልቤ የተመለሰው። እዚያ ተቀመጥን፣ ያለንን ሁሉ ደረብን፣ በየደቂቃው አፏጨሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ፉጨት መለሰልን። አስጎብኚውና ሽማግሌው ነበሩ። ሽማግሌው ለእሷ ጋቢያቸውን አልብሰው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ መንገዱን ስትነግረው ጨርሰህ አልነገርከውም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር፣ ቃል በቃል። አዲስ አበባ ተመልሼ ስመረምረው የሰመርኩት መስመር 640 ነጥብ ነበረው። የዚህ ዘመን መሣሪያ ደግሞ አንድን የተቀመጠ ትራክ እስከ 500 ነጥብ ብቻ ነው የሚይዘው። የቀረችዋን 140 ቆርጦ ጥሏታል፤ ያቺ ደግሞ ከራፉ ወዲያ ያለችው ናት። ከዚያ ይበልጥ ያናደደኝ፣ ስልክ ሳወራ የመጨረሻውን ሙከራ የላክኩ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቅ ብላ ነበር። እሺ ብዬ ዘጋኋት። ምን እንደምትል አላነበብኩም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። መንገዱን በቀን በቀን እከፍለዋለሁ፤ አንድ ቀን አንድ ትራክ። ጂፒኤስቤብል ነጥብ የሚቀንስበት ማጣሪያ አለው፣ እያንዳንዱን ወደ 400 አወርደዋለሁ። 500 እንዳይሞላ ነው፣ ጫፉ ላይ መንጠልጠል አልወድም። ነጥብ ሲቀንስ መንገዱ አይበላሽም ወይ ትሉ ይሆናል። አስሉት፤ የቀን ጉዞ 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን 400 ነጥብ ማለት በየ40 ሜትሩ አንድ ነው፣ ለእግር ይበቃል። በጣም ካወረዳችሁት ግን ጠመዝማዛው ይቃናና ሸለቆ ያቋርጣል፣ ስለዚህ መቶና ሁለት መቶ ድረስ አትውረዱ። የአንዱ ቀን መጨረሻና የቀጣዩ ቀን መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል እንዲደራረቡ አደርጋለሁ፣ መስመር አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባዶ ቦታ እንዳይኖር። መሣሪያው በጠቅላላው የሚይዘው 20 የተቀመጠ ትራክ ስለሆነ ከጉዞ በፊት አሮጌዎቹን አጠፋለሁ። የጋሼን ግን ኮምፒውተር ላይ ሳላስቀምጥ አላጠፋሁም፣ የሰው ዕድሜ ነው።

ከትራኩ ሌላ በየመንገድ መከፈያው፣ በየውኃው፣ በየማደሪያው ነጥብ አስቀምጣለሁ። ትራክ ቢቆረጥ እንኳ ነጥብ ይቀራል። ያን ቀን ከ14 ቀጥሎ 15 ብትኖር ኖሮ አቅጣጫውንና ርቀቱን ይነግረኝ ነበር። ከላክኩ በኋላ ደግሞ ገመዱን ነቅዬ፣ መሣሪያው ላይ ራሱ፣ እያንዳንዱን ትራክ ከፍቼ የመጨረሻዋን ጫፍ አያለሁ። መጀመሪያውን አይደለም፤ መጀመሪያው ሁልጊዜ ትክክል ነው። ጫፉ ሊያድርበት ከሚገባው ቦታ ላይ ካልተቀመጠ ተቆርጧል።

ሌላው እንጦጦ ነው። ከማንኛውም ጉዞ በፊት ባለው እሑድ አንድ አጭር መስመር ኢንተርኔት ላይ ሰምሬ፣ በዚያው መንገድ ልኬ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እሄድበታለሁ። ከሰመርኩት ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ፣ አዲንዳኑም ሌላውም ሌላውም እዚያው ይታያል፤ ታክሲ ይዤ እመለሳለሁ። ረጅም ጊዜ ጠፍቶ የኖረ መሣሪያ ደግሞ ሲበራ ቶሎ ቦታውን አያውቅም። ሙሉ የሳተላይት መረጃውን ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልገዋል። ግልጥ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ጠብቁት፣ ሠራ አልሠራ ብላችሁ አታጥፉት። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያ ቀኑን ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያሳያል። የሳተላይቶቹ የሳምንት ቆጠራ በየ1,024 ሳምንቱ ከዜሮ ስለሚጀምር ነው፣ የመጨረሻው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2019 ነበር። ቦታውን በትክክል ካሳየ ስለ ቀኑ አትጨነቁ፣ ቀን ከስልክ ይታያል።

ለባትሪ፣ ርካሹን ድንጋይ ለከተማ ተዉት። ለብርድ ሊቲየም የሚባለው ይሻላል፣ ውድ ነው ግን ዋጋውን ያወጣል። መለዋወጫውን ከቦርሳ ሳይሆን ከውስጥ ኪስ፣ ሰውነታችሁ ጋ ያዙ። ሴቲንጉ ላይ የባትሪውን ዓይነት ካልቀየራችሁ የባትሪ ምልክቱ ይዋሻል።

ስልኩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያንኑ ጂፒኤክስ ፋይል ስልኩ ላይም ጫኑት። እኔ ያን ቀን ስልኬ ላይ አልጫንኩትም ነበር፣ አሮጌው ይበቃኛል ብዬ። ጉረኛ ነበርኩ። አስጎብኚ ሲኖራችሁ ደግሞ አስጎብኚውን አታሰናብቱ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን አትርሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን ሄድን፣ እሷም መጣች። ፈረሶቹን የነዱልን እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ከራፉ ወዲያ ያለው መንገድ ፀሐይ ነበር፣ ጉም የሚባል ነገር የለም፣ መሣሪያው ከኪሴ አልወጣም። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ «ያ ነገርህ አለ?» አሉኝ። አወጣሁት። «የእኔን ቤት ያውቃል?» ሲሉኝ አያውቅም አልኳቸው። በመመለሻችን ዲንሾ አጠገብ ደጃቸው ላይ ቆሜ ነጥብ አስቀመጥኩና አሳየኋቸው። በመነጽራቸው ጠጋ ብለው አዩት።

«ምን ብለህ ጻፍከው?»

«31።»

«ስም የለውም?»

«ፊደላችንን አያነብም፣ አባቴ። ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ደብተሩን አትጣለው» አሉኝና ቡና ተፈልቷል ግቡ አሉን።